ስፖርት ሞተር ላይ መሪ፣ ስፖኪዮና ፌሪንግ (የሞተሩ የፕላስቲክ ልባስ) ሲቀየር የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አዲስ ዕቃ ከታሰረ በኋላ የሚመጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ ዕቃ ብልሽት አይደለም። የተፈታው ዕቃ ይሠራው የነበረው፣ እኛ ግን ልብ ያላልነው ሥራ ስለሚጎድል ነው። የመሪው ጫፍ ክብደት ንዝረት ይውጥ ነበር፤ ቡሎኑ ሥር የነበረችው ጎማ ፕላስቲኩን ከመሰንጠቅ ትጠብቅ ነበር። ስለዚህ የፈታችሁትን አትጣሉ፤ አጠገባችሁ አስቀምጡና ከአዲሱ ጋር እያስተያያችሁ ሥሩ።

መሪ

መሪው ሲዞር ሞተሩ በራሱ ጉልበት ይጨምራል

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ ለመታጠፍ ፍጥነት በቀነሳችሁበት ቅጽበት ሞተሩ ነዳጅ ይወስዳል። ምክንያቱ የነዳጅ ካቦው ነው፦ ወይ ለአዲሱ መሪ አጥሯል፣ ወይ በድሮ መንገዱ አልተመለሰም። ሞተሩን ማርሽ አውጥታችሁ አስነሱትና መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ በዝግታ አዙሩት። ድምፁ በአንዱ ጥግ ትንሽ እንኳ ከተቀየረ ካቦው እየተወጠረ ነው። ፈትታችሁ በፎርኩ (የፊት ጎማውን በሚይዙት ሁለት ቱቦዎች) ውስጠኛ በኩል ሰፋ ባለ ጥምዝ አሳልፉት፤ ከዚያ መጨበጫው ነዳጅ መሳብ ከመጀመሩ በፊት በባዶ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር እንዲዞር አስተካክሉ። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ልክ ከሰጠ እሱን ያዙ። መሪው ከፍ ስላለ ካቦው የማይደርስ ከሆነ ረጅም ካቦ ይገዛል እንጂ በማስተካከያ ዳዶው ተለጥጦ አይሸፈንም።

መጨበጫው ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም

የመጨበጫው ላስቲክ የመሪውን ጫፍ ክብደት እየነካ ነው። በመካከላቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ላስቲኩ ከረዘመ ጫፉን በስለት ቁረጡት። ሙጫ ወደ ሚዞረው ቱቦ ውስጥ ገብቶም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አውጥቶ ማጽዳት ብቻ ነው።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ፎርኩ ላይ ይንሸራተታል

በቀጥታ ፎርኩን ቆንጥጦ የሚይዝ መሪ በዓይን ግምት አይገዛም። 41፣ 43 እና 50 ሚሊ ሜትር ፎርኮች አሉ፤ 41ዱንና 43ቱን ዓይን አይለያቸውም፣ ቨርኒየር ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ግን ይለያቸዋል። ሰፊ መሪ ገዝቶ ክፍተቱን በቆርቆሮ መሙላት አይሠራም፤ ፍሬን በኃይል በተያዘ ቁጥር ቆርቆሮው እየተጨፈለቀ ይላላል። ልኩ ትክክል ከሆነ ፎርኩ ላይ የቀረ ዘይት ይሆናል፤ ጥረጉት። ሁለት ቡሎን ካለው ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ፤ የመቆንጠጫው ክፍተት ላይና ታች እኩል ይሁን። የማጥበቂያው ልክ በመሪው አምራች ወረቀት ላይ አለ፤ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጠበቅ። ከልክ በላይ የጠበቀ መቆንጠጫ የፎርኩን ቱቦ ያጣምማል።

መሪውን ለማስገባት የላይኛው የፎርክ መያዣ የሚነሳ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ የሞተሩን ፊት በመሪው አንገት በኩል በሚያነሳ ማቆሚያ ስቀሉት። ፎርኩ ከመያዣው በላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወጣም በሁለቱም በኩል ለክታችሁ ጻፉ። ይህ ከተረሳ ፎርኩ ይንሸራተትና ሞተሩ በቀጥታ መንገድ ላይ መወላወል ይጀምራል፤ ጥፋቱም ያለ ስሙ ወደ ጎማ ይላከካል።

መሪው ጥግ ሲደርስ አውራ ጣት ከታንኩ ጋር ይቆነጠጣል

የመሪውን አንግል ወደ ውጭ ክፈቱት። የፍሬን ዘይት ዕቃውም የፊት መከላከያውን እንዳይነካ በዚያው እዩ።

የመብራት ማብሪያው ሳጥን ይዞራል

ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ጥርስ አለች፤ በድሮው መሪ ላይ ቀዳዳ ነበራት፣ በአዲሱ ላይ የላትም። ጥርሷን መቁረጥ የብዙዎች አቋራጭ ነው፤ ውጤቱ ግን በነዳጅ እጀታው በኩል ሳጥኑ ከነካቦው መዞሩ ነው። ቦታውን ምልክት አድርጉና በጥርሷ ልክ በትራፓኖ ብሱ።

ፍሬኑ ይለሰልሳል

የፍሬን ቱቦው ተፈትቶ ከነበረ አየር ገብቷል። የቱቦው ራስ ግራና ቀኝ ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች ይቀየሩ፤ አንዴ የተጨፈለቁ ናቸው። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዘይት፣ ብዙ ጊዜ ዶት 4፣ ተጠቅማችሁ አየሩን አስወጡ። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም። ዘይቱ ቀለም ላይ ከተንጠባጠበ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ቀለም ያነሳል። ቱቦው መድረሱን የምታረጋግጡት የፊት ጎማው ተሰቅሎ፣ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ፣ መሪው በሁለቱም ጥግ ሆኖ ነው።

ስፖኪዮ

ቡሎኑ አይገባም

የጃፓን ሞተሮች በብዛት 10 ሚሊ ሜትር ወፍራም፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 የሆነ ቡሎን ይጠቀማሉ። በብዙ ያማሃዎች ላይ የቀኙ ስፖኪዮ ጥርስ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። በጣት ሦስት ዙር ካልገባ ቁልፍ አታንሱ፤ አስማሚ ፈልጉ።

ምስሉ ይንቀጠቀጣል

ፌሪንጉ ላይ የሚታሰር ከሆነ ከሥሩ የነበረችው ጎማ ተረስታ ይሆናል። በመሪው ጫፍ ላይ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ክብደቱን አውጥታችሁ በምትኩ ቀላል ስፖኪዮ አስገብታችኋል። ክብደቱን ሳያስወጣ ዙሪያውን የሚቆነጥጠውን ዓይነት ምረጡ።

ፍሬቻው በፍጥነት ይብለጨለጫል

ፍሬቻ ያለው የኤልኢዲ ስፖኪዮ ጥቂት ዋት ብቻ ይወስዳል፤ የድሮው አምፖል 10 ወይም 21 ነበር። ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለኤልኢዲ የተሠራ ሪሌ መቀየር ይሻላል። ሬዚስተር መጨመርም ይሠራል፣ ግን ስለሚግል ፕላስቲክ ላይ አይታሰርም፤ ብረት ላይ ይሁን።

ፌሪንግ

ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም

መጀመሪያ የፊተኛውን የብረት መያዣ ጎን ለጎን ተመልከቱ። ሞተሩ አንዴ ወድቆ ከነበረ መያዣው ተጣሞ ይሆናል፤ ያኔ ጥሩ ፕላስቲክ እንኳ አይገጥምም። መያዣው ደህና ከሆነ ሁሉንም ቡሎኖች ሁለት ሁለት ዙር ብቻ አስገቡ፤ የመጨረሻው ቀዳዳ እስኪገባ አንዱንም አታጥብቁ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከቀረ ፕላስቲኩን በፀጉር ማድረቂያ አሙቁና በእጅ መልሱት። በቡሎን ጉልበት የተጎተተ ፕላስቲክ ለጊዜው ይታሰራል፤ ከሳምንታት ንዝረት በኋላ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል።

በቡሎኑ ዙሪያ ስንጥቅ ወጣ

የብረት ቀለበቷና ጎማዋ ከድሮው ፌሪንግ አልተዛወሩም፤ ወይም የቡሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ ተቀብቷል። ይህን ብዙዎች አይጠረጥሩትም፣ ግን የቡሎን ማጣበቂያ ኤቢኤስ ፕላስቲክንና ፖሊካርቦኔትን ያሰነጥቃል። ፕላስቲክ አጠገብ ናይለን ያለው ዳዶ ተጠቀሙ። ስንጥቁን ለማቆም ጫፉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ከዚያ ፌሪንጉ ከምን ፕላስቲክ እንደተሠራ ከጀርባው የተጻፈውን አንብቡ፦ ኤቢኤስ ከሆነ የኤቢኤስ ፍርፋሪ በአሴቶን አሟሙታችሁ ከጀርባው ቀቡ፤ ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን) ከሆነ አሴቶን አይሠራበትም፣ የፕላስቲክ ብየዳ ነው የሚፈልገው።

ሞተሩ ይግላል ወይም ፕላስቲኩ ይቀልጣል

ከፌሪንጉ ውስጥ ወደ ራዲያተር አየር የሚመሩት ጥቁር ፕላስቲኮች ቀርተዋል፤ ከድሮው አውጥታችሁ መልሱ። ማርሚታው አጠገብ ደግሞ የብርማ ሙቀት መከላከያ ለጥፉ፤ የድሮው ፌሪንግ ላይ የት ተለጥፎ እንደነበር ዳናው ይታያል።