አዲስ የቤንዚን ፓምፕ በሮዳጅ ጊዜ፦ በበጋ መስኖ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሽንኩርት ራስ መቋጠር ከጀመረ ውሃ ቀጠሮ አይሰጥም። በቦርከና ዳር፣ በሐርቡ፣ በመርሳ፣ በቆቦ ሜዳ ጥርና የካቲት ላይ ፓምፕ የሚገዛው ብዙው ሰው የሚገዛው ማሳው ከጠማው በኋላ ነው። ስለዚህ ከካርቶኑ በወጣበት ቀን ቤንዚኑ እስከ ጥግ ተከፍቶለት ከንጋት እስከ ምሽት ይነዳል። አዲስ ሞተር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ገና እየተላመዱ ነው፤ ሮዳጅ የሚባለው ይህ ጊዜ ነው። ሰብሉንም ሞተሩንም ማትረፍ ይቻላል። በእነዚህ ሰዓታት «ተበላሸ» ተብሎ ወደ ሻጭ የሚመለሰው ፓምፕ አብዛኛው ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ከዘይቱ፣ ከመሳቢያ ቱቦው ወይም ከአቀማመጡ ላይ ነው። እዚህ የምናየው ዘይትና ቤንዚን ለየብቻ የሚገባበትን ባለ 2 እና ባለ 3 ኢንች ፓምፕ ነው።

ገመዱ ይሳባል፣ ሞተሩ አይነሳም

ከሁሉ በፊት ዘይቱን እዩ። እነዚህ ሞተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ያለ ዘይት ነው። ሻጩ «አለው» ቢላችሁም ክዳኑን ፈታችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ። 5.5 ወይም 6.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የሚፈልገው 0.6 ሊትር ገደማ ነው። ሞተሩ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ዘይቱ የመሙያው አፍ ድረስ መድረስ አለበት። 10ደብሊው-30 ጥሩ ነው፤ ለቆቦ ሙቀት 30 ቁጥርም ይሆናል።

ዘይቱ ሙሉ ሆኖ እምቢ ካለ አቀማመጡን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው። ፓምፑ በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ መቆጣጠሪያው ዘይት የሌለ ይመስለዋል፣ ካንዴላው እሳት አይሰጥም። መፍትሄው አካፋ ነው። ዳሩን ቆርጣችሁ ለፓምፑ የተስተካከለ መደብ አብጁለት። መቆጣጠሪያው የሌለው ፓምፕ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ ዘይቱ ውስጥ ለውስጥ እየተረጨ ነው የሚያለሰልሰው፣ ስለዚህ አዘንብሎ የሚሠራ ሞተር ሳያስታውቅ ይበላል።

ቀጥሎ ቤንዚኑ። በጀሪካን የተገዛውን ትንሽ በንጹህ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል። እንዲህ ያለው ቤንዚን ገብቶ ከሆነ ታንኩን አራግፉ፣ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈታችሁ የተጠራቀመውን አፍስሱ።

ገመዱ አልሳብ ብሎ ደረቀ

ይህ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ በባጃጅ፣ ከመንገድ በኋላም በአህያ ተጭኖ የመጣ ፓምፕ ላይ ይታያል። ዘይት ተሞልቶ በጎኑ ከተኛ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ፒስተኑን ይይዘዋል። በጉልበት አትሳቡ። ማጥፊያውን ዝጉ፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ ገመዱን ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ሳቡ፤ ዘይቱ በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ካንዴላውን ጠርጋችሁ መልሱ። ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ጭስ ያጨሳል፣ ከዚያ ይጠራል። ከሚቀጥለው ጊዜ ጀምሮ ዘይቱን ማሳው ላይ ደርሳችሁ ሙሉ።

ሞተሩ ይሠራል፣ ውሃ ግን የለም

ከሁሉም የሚበዛው ይኸኛው ነው። ብዙ ፓምፕም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ከላይ ባለው መሙያ ውሃ መጠጣት አለበት። ውሃ ሳይኖረው ከተሽከረከረ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ያለው «ሲል» (ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ዕቃ) በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ጎረቤት «አብሽር፣ ትንሽ ይሂድ፣ ይስባል» ቢልም አጥፉት። ሲሉ ከተቃጠለ በሁለቱ መጋጠሚያ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከመቀየር ሌላ መድኃኒት የለውም።

ውሃ ሞልታችሁም ካልሳበ አየር እየገባ ነው። መሳቢያ ቱቦው በተገጠመበት አፍ ላይ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) መኖሩን፣ ፋሼታው (የቱቦው ማሰሪያ) መጥበቁን እዩ። ሞተሩ እየሠራ የሳሙና አረፋ መጋጠሚያው ላይ ቀቡ፤ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቱቦው ከውሃው እስከ ፓምፑ ድረስ ሳይጎብጥ እየወጣ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ድንጋይ ተንተርሶ ጉብ ካለ አየሩ ጉብታው ላይ ይቀመጣል። የቱቦው ጫፍ ማጣሪያም ጭቃ ላይ አይተኛ። በበጋ የቦርከና ውሃ ሲሳሳ አሸዋውን ቆፍራችሁ፣ ጎኑ የተበሳሳ ጀሪካን ቀብራችሁ፣ ማጣሪያውን በዚያ ውስጥ አስቀምጡ። በልግ ጥሎ ወንዙ ደፍርሶ ሲመጣ ግን አጥፉና ጠብቁ፤ ደለል ውሃ የሚገፋውን ተሽከርካሪ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ እምቢ ካለ ከፍታውን ለኩ። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» የሚለው ለባሕር ጠረፍ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የመሳብ አቅሙ 1 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ እዚያ 6 ሜትር ከሳበ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ከ5 ሜትር አትለፉ እላለሁ። ፓምፑን ወደ ውሃው አቅርቡ፣ የመግፊያውን ቱቦ አርዝሙ። ፓምፕ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ይቀለዋል።

በጉድጓድ ውሃ የምታለሙ፣ በተለይ የቆቦ አካባቢ ወንድሞቼ፣ አደራ! ውሃው ራቀ ብላችሁ የቤንዚን ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አታውርዱ። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀምና መጀመሪያ የወረደውን፣ ቀጥሎ እሱን ላውጣ ብሎ የገባውን ይገድላል። ሰው ከወደቀ ከላይ በገመድ ሳቡት እንጂ ተከትላችሁ አትግቡ። ውሃው ከ6 ሜትር በታች ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ወይም የሶላር ፓምፕ ነው።

ጭስ

ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ቾኩ (ሞተር ሲነሳ አየሩን የሚዘጋው) ሳይከፈት ተረስቶ ይሆናል፣ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ የቡና ዓይነት ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ምክንያቱ የአገራችን ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተሠራው ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። ሐይቅ፣ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ደላንታ በወጣችሁ ቁጥር ይብሳል። መካኒክ ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላት ብሎን) በጠባብ ይቀይርላችሁ።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። የበዛውን ቀንሱ። ልኩን ይዞ ከ20 ሰዓት በኋላም ካጨሰ ፋሻው አልተላመደም፣ ዋስትናው ሳያልፍ ውሰዱት።

ይዳከማል፣ ወይም ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል

በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተር ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛው ይሄዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ስትገዙ ከግምት አስገቡት። ጥቂት ሠርቶ ከጠፋ ግን የታንኩን ክዳን ላላ አድርጉ። ወዲያው ከተነሳ የክዳኑ አየር ማስገቢያ ተደፍኗል፣ ጥረጉት።

ማሳው ጠምቶ ሮዳጅ እንዴት ይሆናል?

ሰዎች ሁለት ስህተት ይሠራሉ። አንዱ ሙሉ ቤንዚን መስጠት ነው። ሌላው «እንዳይጎዳ» ብሎ በሚኒሞ (ያለ ጭነት በዝቅተኛ ፍጥነት) ለሰዓታት ማንጫረር ነው፤ ይህም ይጎዳል፣ ምክንያቱም ጭነት የሌለው ፋሻ ሲሊንደሩን በደንብ ስለማይገጥመውና ግድግዳው እንደ መስታወት ልሙጥ ስለሚሆን ነው። ውሃ እየገፋ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ቤንዚን ስጡት፣ በየተወሰነ ደቂቃው ከፍና ዝቅ አድርጉት። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሳውን ከፋፍሉት፤ ጠዋት የጠወለገውን ግማሽ፣ ቀትር ላይ ሞተሩን አሳርፉ፣ ወደ ማታ ቀሪውን። ሽንኩርቱም ቢሆን በጠራራ ፀሐይ ከሚጠጣው የማታው ይበጀዋል። ቤንዚን የምትጨምሩት ሲቀዘቅዝ ነው፤ የጋለ ማርሚታ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን እሳት ነው።

20 ሰዓት ሲሞላ የመጀመሪያውን ዘይት ቀይሩ። እነዚህ ሞተሮች የዘይት ፊልትሮ የላቸውም፣ ሲላመዱ የተፋቀው ብረት ሁሉ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ሞተሩ ሞቅ እንዳለ፣ የታችኛውን ብሎን ፈታችሁ በሰሃን አፍስሱት። ፀሐይ ላይ ስታዩት እንደ ብር ብናኝ ያብረቀርቃል፤ ለመጀመሪያው ዘይት ይህ ልክ ነው፣ አትደንግጡ። በሁለተኛው ቅያሪ ግን ከታየ ወደ መካኒክ ውሰዱት። ከዚያ በኋላ ዘይቱን በየ100 ሰዓቱ፣ የአየር ፊልትሮውን ደግሞ በአቧራ ወቅት በየጥቂት ቀኑ እዩ።