የምትጠቀምበት የክፍት ኮድ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ለሁለት ሲሰነጠቅ ከየትኛው ጋር ትሄዳለህ?

መጀመሪያ ስሙን እርሳው። ስም ባለቤት አለው፤ ክፍት ኮድ (ማንም አይቶ እንዲቀዳው የተፈቀደ የፕሮግራም ጽሑፍ) ግን ማንም ይዞት መውጣት ይችላል። ነጻውን የቢሮ ሥራ ፕሮግራም ኦፕን ኦፊስን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል የተባለው ኩባንያ የፕሮጀክቱን ባለቤት ሰን ማይክሮሲስተምስን ሲገዛ ፕሮጀክቱም አብሮ እጁ ገባ፣ ብዙዎቹ አልሚዎች ነገሩ አላማራቸውምና በዚያው ዓመት ኮዱን ይዘው ወጥተው ሊብሬ ኦፊስ አሉት። የድሮው ስም እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ሰዎቹ የት እንደሄዱ እይ። የኮዱን ታሪክ ክፈትና ያለፉትን ስድስት ወራት ቃኝ፦ ማን ይጽፋል? የጸጥታ ቀዳዳ ሲገኝ ቶሎ ይደፈናል? ለሁሉም ደመወዝ የሚከፍለው አንድ ኩባንያ ብቻ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ነገ ሊሸጥ ይችላል። ላይሰንሱንም፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃዱን፣ አንብብ (አውቃለሁ፣ ይሰለቻል)። ከዚያ አንድ ፋይል ኮፒ አድርገህ በአዲሱ ሞክረው። ሠንጠረዡና የአማርኛ ፊደሉ ካልተዘበራረቀ፣ ቀይር።