ቦንዱ ፖላር ሆኖ ሞለኪውሉ ኖንፖላር ሲሆንባችሁ (ችግርና መፍትሄ)

ፖላር (አንድ ጎኑ በከፊል ኔጋቲቭ፣ ሌላው በከፊል ፖዘቲቭ የሆነ) ወይስ ኖንፖላር (እንዲህ ያልተከፈለ) የሚል ጥያቄ ሲመጣ አብዛኛው ተማሪ የአቶሞቹን ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (በቦንድ ውስጥ ኤሌክትሮን ወደ ራስ የመሳብ አቅም) ቀንሶ፣ መልሱን አክብቦ ያልፋል፣ ቅነሳው ግን ስለ ቦንዱ (ሁለት አቶሞችን ስለሚያያይዘው ትስስር) እንጂ ስለ ሞለኪውሉ ምንም አይነግራችሁም።

ችግር፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ፖላር ብላችሁ ኤክስ ተደረገባችሁ።
ምክንያት፦ ኦክስጅን 3.44 ካርቦን 2.55፣ ልዩነቱ 0.89 ስለዚህ ቦንዱስ ፖላር ነው፣ እሱ ላይ ልክ ናችሁ። ግን ሞለኪውሉ ቀጥ ያለ ነው፣ ሁለቱ ኦክስጅኖች ግራና ቀኝ እኩል ሲጎትቱ ልክ እንደ ገመድ ጉተታ መሀሉ ንቅንቅ አይልም፣ ድምሩ ዜሮ።
መፍትሄ፦ ከቀነሳችሁ በኋላ ሼፑን ሳሉ፣ ከየቦንዱ ወደ ጎታቹ አቶም ቀስት አውጡና ይጣፉ እንደሆነ እዩ።

ችግር፦ ውሃም ሶስት አቶም ነው ብላችሁ ኖንፖላር አላችሁት።
ምክንያት፦ ኦክስጅኑ ላይ ያሉትን ሁለት ሎን ፔሮች (ቦንድ ውስጥ ያልገቡ የኤሌክትሮን ጥንዶች) ረስታችኋል (ሁሌም የሚረሱት እነሱ ናቸው!)። እነሱ ቦንዶቹን ገፍተው አንግሉን 104.5 ዲግሪ ያደርጉታል፣ ቀስቶቹ መጣፋት ቀርቶ ይደመራሉ፣ ዳይፖሉ (የቀስቶቹ ድምር) 1.85 ዲባይ ይወጣል፣ ዲባይ መለኪያው ነው።
መፍትሄ፦ ሉዊስ ስትራክቸር (ቦንዶቹንና ሎን ፔሮቹን የሚያሳይ ስዕል) ሳትሰሩ ሼፕ አትገምቱ።

ችግር፦ የናይትሮጅንና ፍሎሪን ልዩነት 0.94፣ የናይትሮጅንና ሃይድሮጅን 0.84፣ ታዲያ ናይትሮጅን ትራይፍሎራይድ ከአሞኒያ መብለጥ ሲገባው ዳይፖሉ 0.23 ዲባይ ብቻ፣ አሞኒያ 1.47።
ምክንያት፦ ይሄ ብዙ ሰው ያደናግራል ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ስሏቸው፣ ሼፓቸው አንድ አይነት ነው፣ ሁለቱም ናይትሮጅኑ አናት ላይ ሎን ፔር አላቸው። አሞኒያ ላይ የቦንዶቹ ቀስት ከሃይድሮጅን ወደ ናይትሮጅን ወደ ላይ ስለሚሄድ ከሎን ፔሩ ጋር ያብራል፣ በሌላኛው ግን ፍሎሪን ወደ ታች ይጎትታል ሎን ፔሩ ደግሞ ወደ ላይ፣ ስለዚህ አብዛኛው ይጣፋል።
መፍትሄ፦ ለሎን ፔሩም ቀስት አውጡለት።

ችግር፦ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ልዩነቱ 1.78 ስለሆነ አዮኒክ (አንዱ አቶም ኤሌክትሮኑን ለሌላው የሰጠበት) አላችሁት።
ምክንያት፦ ኮቫለንትን (ኤሌክትሮን የሚጋሩበትን) ከአዮኒክ የሚለየው 1.7 ግምታዊ መስመር ነው፣ እንደ ህግ የሚያሸመድዱት አሉ እንጂ።
መፍትሄ፦ ሁለቱም ኖንሜታል ከሆኑ መጀመሪያ ፖላር ኮቫለንት ብላችሁ አስቡ። ካላመናችሁ አዮኒክ የሆነው የገበታ ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፣ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ግን 20 ዲግሪ አካባቢ ፈልቶ ጋዝ ይሆናል።