የግርጌ ማስታወሻ ቁጥሮች ከጽሑፉ ጋር እኩል ሲሆኑ፦ ምክንያቱና መፍትሔው በማይክሮሶፍት ወርድ

ግንቦት ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ሲቃረብ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢዎች አካባቢ በየፍላሹ የሚዞረው ብልሽት ይኼ ነው። ከፍ ብለው፣ አንሰው መታየት የነበረባቸው የግርጌ ቁጥሮች ወርደው ከፊደሉ እኩል ይሆናሉ። ስለ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በሚጽፍ ሰው ገጽ ላይ «እ.ኤ.አ. 1632» ከሚለው ቀጥሎ 7ኛው የግርጌ ቁጥር ካለ፣ አንባቢው «16327» ብሎ ያነባል። ዓመቱ ራሱ ተበላሸ ማለት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን ለዩ። ሁለት ጊዜ ክሊክ ስታደርጉት ወደ ግርጌው ከወሰዳችሁ እውነተኛ ነው። ካልወሰዳችሁ በእጅ የተተየበ ወይም ከፒዲኤፍ የተገለበጠ ተራ አኃዝ ነው፤ አጥፍታችሁ በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ አዲስ ከማስገባት ሌላ መፍትሔ የለውም።

እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ቦታ ተመልከቱ። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ወርዶ ከገጹ ግርጌ ያለው ከፍ እንዳለ ከቀረ፣ ጥፋቱ ተገኘ፦ አንድ ሰው ኮንትሮልና ኤ ብሎ ሁሉንም መርጦ፣ ኮንትሮልና ስፔስ ወይም ክሊር ኦል ፎርማቲንግ ተጭኗል። ሁሉንም መምረጥ ግርጌውን አይነካም፤ ለዚህ ነው ግማሹ የሚተርፈው። ፎንት መቀየር ብቻውን ቁጥሩን አያወርደውም። ያወረደው ፉትኖት ሪፈረንስ የሚባለው ስታይል (ወርድ ለግርጌ ቁጥር ያዘጋጀው የመልክ ስብስብ) ከቁጥሩ ላይ መገፈፉ ነው።

ስለዚህ መመለስ ያለበት ስታይሉ ነው። እባካችሁ፣ 140 ቁጥር አንድ በአንድ እየመረጣችሁ ሱፐርስክሪፕት አትጫኑ። መልኩ ይመለሳል፣ ስታይሉ ግን እንደጎደለ ነው፤ አማካሪው ነገ «ፎንቱን አስተካክል» ሲል በስታይሉ የምታደርጉት ለውጥ እነዚያን ቁጥሮች አይነካቸውም። እንዲህ በእጅ ተነካክተው ሦስት ዓይነት መጠን ያላቸው ቁጥሮች በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ይገኛሉ።

የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡ፤ መብራት መሀል ላይ ቢጠፋ ዋናው ይተርፋችኋል። ትራክ ቼንጅስ ከበራ አጥፉት፤ አለዚያ እያንዳንዱ ቁጥር የአማካሪው እርማት መስሎ ይቀላል። ኪቦርዱን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ከርሰሩን ከጽሑፉ መጀመሪያ አድርጋችሁ ኮንትሮልና ኤች ተጫኑና ሞር የሚለውን ክፈቱ። ፋይንድ ዋት ላይ ^2 ጻፉ (የኮፍያዋ ምልክት ሺፍትና 6 ናት)። ሪፕሌስ ዊዝ ላይ ^& ጻፉ፤ ትርጉሙ «ያገኘኸውን እዚያው መልስ» ነው። ከርሰሩ ሪፕሌስ ዊዝ ውስጥ እንዳለ ፎርማት፣ ከዚያ ስታይል፣ ከዚያ ፉትኖት ሪፈረንስ ምረጡ። የስታይሉ ስም ከሪፕሌስ ዊዝ ሳጥን ሥር መታየት አለበት። ከላይኛው ሥር ከታየ ቦታ ስታችኋል፤ ኖ ፎርማቲንግ ብላችሁ አጥፉትና ድገሙት።

አደጋው ያለው እዚህ ነው። ሪፕሌስ ዊዝ ባዶ ሆኖ፣ ስታይልም ሳይመረጥ ሪፕሌስ ኦል ከተጫነ ወርድ የግርጌ ማስታወሻዎቹን በሙሉ ይሰርዛቸዋል፣ ከነጽሑፋቸው። የሁለት ዓመት ንባብ በአንድ ክሊክ ይጠፋል። ከሆነባችሁ ሴቭ ሳታደርጉ፣ ፋይሉንም ሳትዘጉ ኮንትሮልና ዜድ። ቆይቶ «ፋይሉን ዘግቼ ከፈትኩት» ለሚል ሰው ያስቀመጠው ቅጂ ከሌለው የሚደረግለት ነገር የለም።

ሪፕሌስ ኦል ሲጨርስ ስንት እንደቀየረ ይነግራችኋል። ያንን ከመጨረሻው የግርጌ ቁጥር ጋር አስተያዩ። እጥፍ ቢሆን አትደንግጡ፣ ግርጌውንም አዳርሷል። ካነሰ ግን የጎደሉት በእጅ የተተየቡ ናቸው። ከግርጌ ያሉትም ወርደው ከነበረና ካልተመለሱ፣ ከርሰሩን አንዱ ማስታወሻ ውስጥ አስገብታችሁ ያንኑ ድገሙ። ሰነዱ ኢንድኖትም (ከሰነዱ መጨረሻ የሚቀመጥ ማስታወሻ) ካለው በ^2 ፋንታ ስፔሻል ከሚለው ውስጥ ፉትኖት ማርክን ምረጡ፤ ^2 ሁለቱንም ስለሚይዝ ይደባለቃሉ።

ስታይሉ ተመልሶም ቁጥሩ አልነሣ ካለ ስታይሉ ራሱ ተነካክቷል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስ ተጫኑ፣ ፉትኖት ሪፈረንስን ምረጡ፣ ሞዲፋይ፣ ፎርማት፣ ፎንት ብላችሁ ሱፐርስክሪፕት ላይ ምልክት አድርጉ።

ቁጥሩ በየምዕራፉ ከ1 ከጀመረ ወይም ወደ ኮከብ ምልክት ከተለወጠ፣ ሪፈረንስስ ውስጥ በፉትኖትስ ጥግ ያለችውን ትንሽ ቀስት ክፈቱ፤ ነምበር ፎርማትን 1, 2, 3፣ ነምበሪንግን ኮንቲንዩየስ፣ አፕላይ ቼንጅስ ቱን ሆል ዶኩመንት አድርጉ። የቁጥሩ ወይም የፊደሉ አናት ከተቆረጠ የመስመር ክፍተቱ ኤግዛክትሊ ላይ ነው፤ አት ሊስት አድርጉት።

ለወደፊቱ ፎንት ለመቀየር ኖርማል የሚለውን ስታይል በቀኝ ክሊክ ሞዲፋይ አድርጉ። የግርጌው ቁጥር ከነስታይሉ ይቆያል።