የእንጨት ፍሉት መጋጠሚያ ሲላላና ሲጠብቅ ክሩን እንዴት እናስተካክል?

የኛ ዋሽንት ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። አንድ ወጥ ሸምበቆ ስለሆነ የሚገጣጠም ነገር የለውም። ቅኝቱ ሲቀየር ተጫዋቹ ሌላ ቁመት ያለው ዋሽንት ያነሳል፣ አለቀ። አይሪሾች ባህላዊ ሙዚቃቸውን የሚጫወቱበት የእንጨት ፍሉት ግን ከሦስት ወይም ከአራት ቁራጭ ይገጣጠማል። ቦኽም የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1847 የብረቱን ፍሉት ሲያወጣ አሮጌዎቹ የእንጨት ፍሉቶች ረከሱ፤ አይሪሾቹም እነሱን ይዘው ቀሩ።

መጋጠሚያው እንደ ቧንቧ ወንዴና ሴቴ አለው። ወንዴው ላይ ክር ይጠመጠማል። ሥራው የጎሚኒ ነው፤ አየር እንዳያፈስ ይይዛል። ችግሩ እንጨት ዝም ብሎ አይቀመጥም። በትንፋሽ እርጥበት ያብጣል፣ አየሩ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ላይ ልክ የነበረው በጥር ይላላል። ማሞቂያ ሌት ተቀን የሚሠራበት አገር ያላችሁማ ይብስባችኋል።

መጀመሪያ ፈትሹ። ገጣጥማችሁ ግራና ቀኝ በቀስታ ወዝወዝ አድርጉት። ከተነቃነቀ ላልቷል። በጉልበት ካልሆነ አልገባ ካለ ጠብቋል። ከሁለቱ የሚያስፈራው መጥበቁ ነው። የላላው አየር ያፈሳል፣ ድምፁን ያሳንሳል፣ በቃ። የጠበቀው ግን ሴቴውን ይሰነጥቃል። እኔ አንዴ «ጠበቅ ይበል» ብዬ ክር ደራረብኩ። ጠዋት ነፍቼ ሳልፈታው ወጣሁ። ማታ ስመለስ ፀጉር የምታህል መስመር ከሴቴው ከንፈር ጀምራ ወደ ታች ወርዳለች። የጥገናውን ዋጋ አልነግራችሁም።

የሚያስፈልገው ተራ የጥጥ ክርና የንብ ሰም ነው። ናይለን ያሟልጫል፣ ተዉት። ቤት ውስጥ የንብ ሰም ጧፍ ካለ ክሩን ጧፉ ላይ እየጫናችሁ ሁለት ሦስቴ ጎትቱት። የሱቁ ነጭ ሻማ ፓራፊን ስለሆነ እንደ ሰሙ አይዝም።

ለላላው፦ አሮጌውን ክር አትፍቱ፤ በላዩ ጨምሩ። የክሩን ጫፍ አስተኝታችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዙሮች በላዩ አሳልፉ፤ ያለ ቋጠሮ ይያዛል። ቋጠሮ ጉብታ ይሠራል። ከዚያ ዙሮቹን ጎን ለጎን እያስጠጋችሁ እስከ ጫፍ ሂዱ። አንድ ቦታ ከተከመረ መጋጠሚያው እዚያች ላይ ብቻ ይይዝና ይወዛወዛል። ሙሉ ድርብ ከበዛ ዙሮቹን እኩል አራርቁ። ክሩን አታክርሩት፤ ተኝቶ ይቀመጥ። የእያንዳንዱ ዙር ጭምቅታ ትንሽ ቢመስልም ሲደማመር በዓመታት ወንዴውን ያጠበዋል፣ የውስጡ ቀዳዳም አብሮ ይጠብና ድምፁ ይዛባል። አጠማጠሙ ስትገጥሙ በምታዞሩበት አቅጣጫ ክሩ የሚጠብቅበት እንጂ የሚፈታበት አይሁን። መጨረሻውን በሰም ለጥፋችሁ በጥፍር ተጫኑት።

ለጠበቀው፦ ጫፉን ፈልጉ፣ አምስት ስድስት ዙር ፍቱ፣ ሞክሩ። ካልሆነ እንደገና ጥቂት ፍቱ። በእጅ እየተጠመዘዘ ለስለስ ብሎ ሲገባ፣ ከገባም በኋላ ሳይነቃነቅ ሲቀር ክሩን ቁረጡት።

ጭራሽ አልላቀቅ ካለ ፒንሳ አታምጡ፣ እሳት አታስጠጉ። ነፋሻማ ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ተዉት፤ እብጠቱ ሲወርድ ራሱ እሺ ይላል።

ክሩ ጠቁሮና በስብሶ ከሆነ ብቻ ሁሉንም አንሱ። ወንዴው ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ልታዩ ትችላላችሁ። ሆን ተብሎ ክሩን እንዲይዙ የተበጁ ናቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት እንዳታጠፏቸው።

መድረክ ልትወጡ አምስት ደቂቃ ሲቀር ከላላ የቧንቧ ሠራተኛው ቴፍሎን ያድናል። አንድ ሁለት ዙር፣ ለዚያች ምሽት ብቻ።

ነፍታችሁ ስትጨርሱ እየጠመዘዛችሁ ፍቱት፤ ወደ ጎን ከሰበቃችሁት ከንፈሩ ይጎዳል። ውስጡን፣ በተለይ የሴቴውን ጎድጓዳ፣ በጨርቅ አድርቁ። ሻንጣውንም ወዲያው አትዝጉት።