ሁሉም በሽተኛ 20 ይተነፍሳል? አዲስ ነርሶች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

የዋርዱን ቻርቶች ገለጥ ገለጥ አድርጉና የትንፋሽ ቁጥር የሚሞላበትን ረድፍ እዩ። 20፣ 20፣ 20። የሳንባ ምች ያለበትም 20፣ ነገ ወደ ቤቱ የሚወጣውም 20። ማንም እንዳልቆጠረ ያስታውቃል። ግፊቱንና ሙቀቱን መሣሪያ ይነግረናል። ትንፋሽ ግን ዓይንና ሰዓት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከጭንቅላት ይሞላል። የሚያናድደው ደግሞ በሽተኛ ሊብስበት ሲል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው እሱ መሆኑ ነው። ግፊቱ 120/70፣ ኦክስጅኑ 95 በመቶ እያለ ትንፋሹ 28 ሊገባ ይችላል። የአዋቂ ጤናማ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው።

ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ይቅር፣ በተለይ ለጨቅላ፤ የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ቆም ይላል። «ትንፋሽዎን ልቁጠር» አትበሉ፤ ሰው ሲያውቅ አተነፋፈሱን ይቀይራል። የልብ ምት የምትቆጥሩ መስላችሁ፣ እጁን ሳትለቁ ደረቱን እዩ።

ማግኒዥየም ሰልፌት (በእርግዝና ግፊት የሚመጣ ማንቀጥቀጥን የሚከላከል፣ ሲበዛ ግን ትንፋሽ የሚያዳክም መድኃኒት) የምትወስድ እናት ላይ ትንፋሽ መቁጠር ቀልድ የለውም። የሚቀጥለው ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሿ ቢያንስ 16፣ ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ጉልበቷ ሲመታም እግሯ መወርወር አለበት። አንዱ ከጎደለ ዶዙ ይቆያል፣ ሐኪም ይጠራል። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ደግሞ አጠገባችሁ ይሁን።

ሌላው ስህተት፦ መድኃኒት ከመስጠት በፊት «አቶ ከበደ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ። እንቅልፍ የተጫነው ሰው ለምንም ነገር «አዎ» ይላል። ሙሉ ስሙን ራሱ ይናገር፣ ከካርድ ቁጥሩ ጋር አመሳክሩ።

ኢንሱሊን በተራ ሲሪንጅ መሳብ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ 10 ዩኒት ታዞላት 1 ሚሊ ሊትር ስባ መጣች። 1 ሚሊ ሊትሩ 100 ዩኒት የያዘ ነበር፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው! ደግነቱ አብራኝ ያለችው ነርስ ሳይወጋ አየችው። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ከሌለ ፈልጉ እንጂ በግምት አትሳቡ።

ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበጠበጥ በደም ሥር አይገፋም። ልብ ያቆማል።

ቀድሞ ፈርሞ በኋላ መስጠት። ሥራ ሲበዛ ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን ፈርማችሁ ስትመጡ በሽተኛው ራጅ ሄዷል። እናንተም ሌላ አልጋ ጋ ትጠራላችሁ። ተረኛዋ ፊርማችሁን አይታ ታልፈዋለች፤ የስድስት ሰዓቱ አንቲባዮቲክ ቀረ ማለት ነው።