ስላይዱ በሙሉ ካበራ ጠርጥሩ

የመጀመሪያውን የሽታ ተቀባይ አንቲቦዲ (ሽታን የሚለየውን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲን) የሞከርኩ ቀን የአይጧ አፍንጫ ቲሹ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ አበራ። ፎቶውን ይዤ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። «ስንቱ ሴል ነው የበራው?» አለችኝ። «ሁሉም!» አልኳት በኩራት። «በይ እንግዲያው ጣዪው።»

ልክ ነበረች። ሳይንቲስቶቹ ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረጓቸው የሽታ ተቀባይ ጂኖች አይጥ ላይ ከ1,000 በላይ ናቸው። አንድ የበሰለ የሽታ ነርቭ ሴል ግን የሚያወጣው ከነዚህ አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ተቀባይ አንቲቦዲ እውነተኛ ከሆነ የሚበሩት ሴሎች ጤፍ ውስጥ እንደ ገባ ስንዴ ጥቂትና የተበታተኑ ናቸው። እነሱም በየቦታው አይገኙም፣ የራሳቸው ክልል አላቸው።

ከመግዛታችሁ በፊት አንቲቦዲው የተሠራበትን የፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁራጭ) ቅደም ተከተል ጠይቁ። ተቀባዮቹ እንደ እህትማማች ይመሳሰላሉ። ቅደም ተከተሉን ከአይጥ ፕሮቲኖች ሁሉ ጋር ብላስት በሚባለው የማነጻጸሪያ ፕሮግራም አስተያዩት። ሻጩ «ሚስጥር ነው» ካለ እኔ ሌላ እፈልጋለሁ። አይጥ ውስጥ የተመረተ አንቲቦዲም ተዉት፤ የመጀመሪያውን ተከትሎ የሚይዘው ባለ ቀለም ሁለተኛው አንቲቦዲ የቲሹውን የራሱን አንቲቦዲ ጭምር ይይዝና ያሳስታችኋል። የጥንቸል ወይም የፍየል ይሻላል።

ቲሹውን እንዳይበሰብስ በ4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ አጽኑት፣ ግን አታብዙት። ሲበዛ አንቲቦዲው የሚይዘው ቦታ ይሸፈናል። የትልቅ አይጥ አፍንጫ አጥንት ስላለው ካልሲየሙን በሚያወጣው ኢዲቲኤ ውስጥ ለቀናት መቆየት አለበት። እኔ ስችል ከተወለዱ ጥቂት ቀን የሆናቸውን እጠቀማለሁ፤ አጥንታቸው ለስላሳ ነው፣ ምላጩም አያጉረመርምም። ከዚያ ቲሹውን ሲቀዘቅዝ በረዶ እንዳይጎዳው 30 በመቶ ሱክሮስ (ስኳር) ውስጥ፣ እስኪሰጥም ድረስ።

ማረጋገጫው ላይ አትሰስቱ። አንድ ስላይድ በሁለተኛው አንቲቦዲ ብቻ ሥሩ፤ እሱ ካበራ ምልክቱ የውሸት ነው። ሌላው ላይ ኦኤምፒ የሚባለውን ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ አድርጉ፤ የበሰሉትን የሽታ ነርቮች ሁሉ ስለሚያበራ ቲሹው ደህና መሆኑን ይነግራችኋል። ከሁሉም የሚበልጠው የተቀባዩ ጂን የጠፋባት አይጥ ናት፤ እሷ ላይ ምንም ማብራት የለበትም። እሷ ካልተገኘች የተቀባዩን አርኤንኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) አጠገቡ ባለው ቁራጭ ላይ ፈልጉ፤ የሴሎቹ ብዛትና ክልል መግጠም አለበት። ፔፕታይዱን ከአንቲቦዲው ጋር ቀላቅሎ ምልክቱ ጠፋ ብሎ መደሰት ግን አይሠራም፤ በስህተት የተያዘውም አብሮ ይጠፋል።

ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ መፈለግ) ከሠራችሁ ናሙናውን አታፍሉት። እነዚህ ፕሮቲኖች ሲፈሉ ተጣብቀው ከጄሉ አናት ይቀራሉ። የተቀባዩን መስመር 35 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ጠብቁ።

በነገራችን ላይ ያቺን አረንጓዴ ፎቶ አልጣልኳትም። የኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ ናት፣ ታምራለች።